ስም ማውጣት

ፍራንኮ ነው ቤቴ፣ ከብየዳ ቤቱ ኋላ፣
አቧራ ሳያንኳኳ የሚገባበት፣ ጣሪያው በነፋስ የሚበላ።
እዚያ ተቀምጬ በወረቀት ላይ ተራራ ቆልያለሁ፣
ከሥሩ ዋሻ ምሼ ድንኮች አስፍሬያለሁ።
መጥረቢያ ሰጠኋቸው፣ ጢም ሰጠኋቸው እስከ መቀነት፣
ንጉሥም፣ ዕዳም፣ ቂምም፣ የማይከፈት የወርቅ ቤት።
አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦
ስም።

መጀመሪያ የባሕር ማዶ የሚመስል ድምፅ ሞከርሁ፤
"ግርዱር" አልሁ፣ "ክሮምባስት" አልሁ፣ ጮክ ብዬ ተጣራሁ።
አንዳቸውም ዞረው አላዩኝም፤
ጥርስ ይሰብራል እንጂ እንዲህ ያለ ስም ሰው አያስነሳም።

ቀጥሎ ከጎረቤት መሣሪያ ለቀምሁ፦
ጉጠቱ፣ ወናፉ፣ ረመጡ፣ መሮ፤
አንዱን "ዝገቴ" ብዬው ስስቅ ሽሮዬ ቀረ አርሮ።
ላጭር ሰው አጭር ስም፣ አልሁ፤ ልክ መሰለኝ።
ሦስት ሌሊት እንደዚያ ጻፍሁ። በአራተኛው ሰለቸኝ።

ያቆመኝ ቃሉ ነው። እኛ ዘንድ ስም ይወጣል፣
ወርቅ እንደሚወጣ፣ ጨው እንደሚወጣ።
"ማን አወጣልህ?" ይሉሃል። ከስንት ክንድ ጥልቀት?
ማን ወረደ? በምን ገመድ? በማን መብራት?
እኔ አልወረድሁም። ከአፋፉ ቆሜ ጠጠር ስወረውር ነበር።
አዳማ ያለችው ስምጥ ውስጥ ነው፤ ቃሉን ቆርሰህ ብታየው
ስም አለበት፣ ግማሹ ከአፈር በታች የቀረ፣ ያላየነው።

የብየዳው ቤት ጌታ፣
ቱሉ፣ ቁመቱ ትንሽ ነው የሚበልጥ ከበሩ እጀታ።
በርሜል ላይ ቆሞ ነው የሰው መስኮት የሚበይድ።
"ምን ትጽፋለህ?" አለኝ አንድ ማታ፣ መብራት ሄዶ፣ ብረቱ ሲበርድ።
"ስለ ድንኮች" ስል ምላሴ ተያዘ፣
ቃሉ በመካከላችን ወደቀ፣ እንደ ጋለ ብረት እየቀዘቀዘ።

መነጽሩን አወለቀ። "ድንክ ያላችኋቸው እናንተ ናችሁ፤
እናታቸውስ ስትጠራቸው ምን ትላለች? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?"
ዝም አልሁ። ባጃጅ አለፈ። ከቦኩ በኩል ነፋስ መጣ።
"አባቴ" አለ፣ "ቁመቴን ለክቶ አይደለም ስሜን ያወጣ።
ቱሉ ማለት ተራራ ነው። ገና በጨርቅ ተጠቅልዬ
ተራራ አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ፤
ይኸው ስሜን እየወጣሁት ነው፣ ቀስ ብዬ።"
መብራት መጣ። ወደ በርሜሉ ተመለሰ፣
ሰማያዊ ብልጭታው በግድግዳዬ ላይ ፈሰሰ።

ገባሁ። ዝገቴን ሰረዝሁት። ጉጠቱንም።
ግርዱርን ለነፋስ ሰጠሁት፤ እሱም አልፈለገውም።
ሦስት መቶ ገጽ አገላበጥሁ፣
ለካ አንዲት እናት የለችም! ያን ሁሉ ጢም ስደረድር ከረምሁ።

አንዲት ሴት ጻፍሁ። የዋሻወርቅ አልኋት። ምጥ ይዟታል።
በዚያው ሌሊት የምሥራቁ ጉድጓድ ተንዶ ባሏን ውጦታል።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፣ ከላይ ያለን ሰዎች፤
ከመቃብርም በታች የሚኖሩት የት ያውሉት ስማቸውን?
አዋላጇ ፋኖሱን አስጠጋች፣ "ማን እንበለው?" አለች።
እናትየው ልጁን ሳታይ መዳፏን ድንጋዩ ላይ ጫነች፣
ጆሮዋን አስደግፋ ቆየች፣
አቧራው ረግቶ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ እስኪሰማ።
"አይናድ" አለች።
"አይናድ በሉት።"

ጠዋት ለቱሉ አነበብሁለት። ዘንግ እየቆረጠ ሰማኝ፣
ቀና አላለም፤ መጋዙን ብቻ አቆመልኝ።
"አይናድ" አለ፣ እንደ ብረት በጥፍሩ መትቶ የሚሰማው ይመስል።
"ጥሩ ነው። አይናድ ማን?"
"እንዴት ማን?"
"የአባቱስ ስም? ጉድጓዱ የዋጠው ሰውዬ?"

ወረቀቴን አጠፍሁ፣
እንደገና ወረድሁ።