ቀረ

በዚያ በጋ ሰማይ ነጥፎ፣ የማዙሪ ሐይቅ ሲጎድል፣
ከመሐሉ ብቅ አለ አንድ ነገር፣ የጎሽ ጀርባ የሚመስል።
ሁለት ልጆች በጀልባ ቀርበው፣ በመቅዘፊያ ቢመቱት፣
ብረት ሆኖ ጮኸባቸው። ፊያት ነው። ለፖሊስ ነገሩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ከቤታችን ሦስት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ፣
እኔ ዋና ከተማርኩበት፣ ዓሣ ካጠመድንበት ውሃ ሥር፣
አባቴ ሌሼክ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

እናቴ ጌኖቬፋ ግን ያለበትን ታውቅ ነበር፦
ሃምቡርግ፤ ከፀጉር ሠሪዋ፣ ከቦዠና ጋር።
ሁለቱም በአንድ ታኅሣሥ ነው ከመንደሩ የታጡት፤
ጎረቤቶች ደመሯቸው፣ ድምሩን ደጃችን አመጡት።

ከዚያ ወዲያ ስም አጣ፤ በቤታችን «ያ ሰው» ተባለ።
የሠርጉ ፎቶ በመቀስ ተገመሰ፣ ግማሹ ምድጃ ውስጥ ተቃጠለ።
ጣሪያው ካፈሰሰ ያ ሰው፣ ላሟ ከታመመች ያ ሰው፤
የድንች ዋጋ ቢወድቅ እንኳ፣ እሱ ነው ያረከሰው።

በአገራችን ለገና ዋዜማ አንድ ትርፍ ሳህን ይቀመጣል፤
መንገድ የጠፋበት እንግዳ ድንገት ቢያንኳኳ ይበላል።
እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ወንበሩን ታነሣለች።
«ቢመጣም ቆሞ ይብላ» ትላለች።

እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሃምቡርግ ድረስ ሄድኩ።
ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ ሰው ከኋላው አይቼ ተከተልኩ፤
ሁለት ድልድይ ተሻገርን፣ የባቡር ጣቢያው በር ላይ ዞረ።
ሌላ ሰው ነው። ሰዓት ጠየቅሁት፤ ነገረኝ።
ከንፈሬ ላይ የያዝኩት ስድብ ለብዙ ቀን መረረኝ።

መርማሪዋ በጥጥ ጉንጬን ከውስጥ ጠረገች፤
እናቴም ተራዬ ነው ብላ አፏን ከፈተች።
«የእርስዎ አይጠቅምም» አለቻት፣
«ሚስት የሥጋ ዘመድ አይደለችም።»
እናቴ አፏን እንደከፈተች ጥቂት ቆየች።

በየካቲት ደብዳቤ መጣ። ብዙ ዘጠኝ ያለበት ቁጥር ነው፤
ከዘጠኞቹ በኋላ የአባቴ ሙሉ ስም፣ በማኅተም የተደገፈው።

በጠረጴዛ ላይ ዘረጉልን፦ ቀለበት፣ ከቀኝ እጁ ያልወለቀ፤
የጫማ ሶል፣ ሁለት ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት የደቀቀ፤
ከኋላ ሳጥኑ ደግሞ የቆርቆሮ ባልዲ።
ለበዓሉ ዓሣ ሊያመጣ ነበር ማታ የወጣው፣
ከነሕይወቱ፣ በባልዲ፤
በረዶው ላይ ያለውን አቋራጭ ይዞ፣ እንደ ሁልጊዜው።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
እሱን ግን የወሰደው መንገድ መስሎት ነው።

እናቴ ስለ አጥንቱ አልጠየቀችም።
«ባልዲው ክዳን ነበረው?» አለች።
ፖሊሱ ወረቀቱን ገለጠ። «ክፍት ነበር።»
«እንግዲያ ዓሣው አምልጧል» አለች፣
ከዚያም ሳቅ ይሁን ሌላ የማላውቀው ድምፅ አወጣች።

ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይላሉ።
ሙት መሆኑን ማን ነገራት?
የቆመ ሰው ላይ የወረወረችው ድንጋይ ሁሉ
ዛሬ ሐይቁ ደርቆ ታያት።
ለቦዠና ደብዳቤ ጀመረች፤ ስሟን ጻፈች፣ እዚያው ቆመ።
እኔም አልረዳኋት። ምን ተብሎ ይጻፋል?

ቀረ ስንል ከርመናል፣ ጥሎን ሄደ ማለታችን ነበር።
እውነትም ቀረ።
የትም አልሄደም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዝናብ፣ ጣሪያው እንደ ልማዱ አፈሰሰ።
«ያ...» ብላ ጀመረች። ሰማኋት። ቃሉ ምላሷ ላይ ፈረሰ።
ጓዳ ገብታ ባልዲውን አመጣች፣ ጠብታው ሥር አኖረችው፤
ዝገት በልቶታል፤ እሱም ያፈሳል።
አየሁ። ዝም አልኩ።
ጨርቅ ይዛ ወለሉን እየወለወለች፣ ከሥሩ ግን አላነሣችውም።