ያልተፈለፈለው

ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣ በልጄ በናዳቭ መሳቢያ ውስጥ
አንድ ፌስታል አፈር አለ፤ የማይዘራ፣ የማይሸጥ።
ጠጂቱ ልትጥለው ነበር፣ ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ፣
በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ እንደ ሰው ዕዳ።
«እማ፣ ተይው!» አላት ልጁ፣ «ዓሣ ነው።»
ሳቅኩ። እኔ ዓሣ የማውቀው ውሃ ሲኖረው ነው።

ኖቶብራንኪየስ ይባላል፤ ስሙ ከቁመቱ ይረዝማል፤
ጣቴ ላይ ቢተኛ እንኳን ጥፍሬ ከጭራው ያልፋል።
አገሩ ቆላ ነው፣ ዝሆን የረገጠው ረግረግ፤
ዝናብ ያቆረው፣ ፀሐይ የሚጠጣው፣ የወራት ማዕረግ።
በጥቂት ሳምንት ያድጋል፣ ይደምቃል፣ ይዳራል፣
ኩሬው ሲደርቅ ይሞታል፤
እንቁላሉ በተሰነጠቀ ጭቃ ይቀራል።
አይሞትም፤ አይኖርም ደግሞ። ይጠብቃል።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ እኔ። ጎንደር ላይ፣ ከግቢው በር፣
አሥራ አንድ ዓመት፣ ስሜ እስኪጠራ፣ ሻንጣዬ አልተፈታም ነበር።
ሹራብ ስንፈልግ በጎን በኩል፣ ዚፑን በጥቂቱ ከፍተን፣
እንደ ሌባ እጅ ሰድደን።

በጥቅምት፣ ዮሬ የሚሉት የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ማታ
ናዳቭ ፌስታሉን ፈታ።
አፈሩን ሳፋ ላይ በትኖ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰበት፤
ሦስታችን ተንበረከክን፣ የስልክ መብራት አበራንበት።
ሊነጋጋ ሲል ዐይን ታየ፤ እንደ ድሮው ጽሕፈት ሁለት ነጥብ፤
ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ጠጂቱ በጣቷ ተከተለች፣ እንደሚያነብ።

ሠላሳ ሰባት ቆጠረች። ከሳፋው ሥር ግን ገና
እንደ ጤፍ የደቀቀ ብዙ እንቁላል ተኝቷልና
«እነዚህስ ሞቱ?» አልኩት።
«አይ አባ፣ ሁሉም በአንድ ዝናብ አይወጣም።
የመጀመሪያው ዝናብ ይዋሻል። ሁሉም አምኖት ቢወጣ፣
ኩሬው ቢደርቅ፣ ዘር አይተርፍም።»

ወንድሜ አስረስ ጎንደር ነው። ስሙ እስከ ዛሬ አልተጠራም።
ትናንት ደውሎ «ዘነበ ወይ እዚያ?» አለኝ።
ዘነበ አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

ናዳቭ ውሃውን አጥልሎ አፈሩን በጋዜጣ ላይ አሰጣው፤
ሲጠፈጥፍ፣ ፌስታል ውስጥ መልሶ ከተተው።
ጠጂቱ ካልሲውን ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀችለት፤
እስክሪብቶ ፈልጋ ቀኑን ጻፈችበት፤
ከቀኑ ሥር ደግሞ፣ ልጁ በማያነበው ፊደል፣
ደመቅ አድርጋ፦

አይጣልም።