ከዋሻ እስከ ዋሻ

ከክሌርቪው ስሳፈር ገና አልነጋም፣
ሰው ሁሉ በካፖርቱ ተሸፍኖ ዝም።
ስም አንጠያየቅም፤ ግን እንተዋወቃለን፣
በጓንት፣ በኮፍያ፣ በምሳ ዕቃ ቀለም እንለያለን።
ኦክሳና፣ ባጇ ላይ ስሟን ያነበብኩላት፣
ዓይኗን ትኳላለች ባቡሩ እየናጣት፤
አንድ ቀን እንኳ መስመር አልሳተባት።

መሀል ከተማ ስንደርስ መሬት ዋጠችን፣
አምስት ጣቢያ ሙሉ በሆዷ ይዛን፤
ከዚያ ሳትናገር ዱብ አደረገችን አየር ላይ፣
ከዛፉ፣ ከመንገዱ፣ ከወንዙ በላይ።

ድልድይ ነው።
ከታች ሰሜን ሳስካቹዋን፣ ስሙ ከባቡሩ የረዘመ ወንዝ፤
ከወዲያ ማዶ ሌላው ጨለማ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።
ቆጥሬዋለሁ፤ ከዋሻ እስከ ዋሻ
አርባ ቁጥር ናት የጠዋት ድርሻ።

የኤድመንተን ታኅሣሥ ቢቆጥሩትም ከንቱ ነው፤
ጨለማው መስኮቱን መስታወት አድርጎት
የሚያሳየኝ ወንዝ ሳይሆን የራሴን ፊት ነው፣
ያውም በጥድፊያ ሳይበጠር የወጣ ፊት።

የካቲት ሲገባደድ፣ አንድ ማክሰኞ፣
ሰባት ብዬ ስምንት አፌ ላይ ቀረ።
ከጎናችን የቆመው የጥንቱ ድልድይ
ጥቁር ብረቱን ወንፊት አድርጎ
ፀሐይን ነፋት።
ዱቄቷ ወንዙ ላይ፣ ዱቄቷ በረዶው ላይ፣
ዱቄቷ ባቡር ውስጥ፣ በኦክሳና ጉንጭ ላይ።
በረዶው ከመሀሉ ተሰንጥቆ ይጨሳል፤
ከዳር እስከ ዳር የአንድ ቀበሮ ዱካ ተሰፍቷል፣
ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ጠመም ብሎ ዞሯል።
ደፋር ነው? ብልህ ነው? ሳልፈርድበት አርባ ሞላ፤
ዋሻ። የማስታወቂያ ሰሌዳ። የሰው ትከሻ ከኋላ።

አሥር ጠዋት እንዲህ ጠገብኩ።
ከዚያ አንድ እሑድ ሌሊት ሰዓቱን ገፉት፤
ሰኞ ብመጣ መስኮቱ ላይ ያው ፊት!
ቀን መግፋትስ አውቅበት ነበር፣
ሰዓት ሲገፋ ግን ለማን አቤት ይባላል? የትኛው ችሎት
«ፀሐዬን ወሰዱብኝ» ሲሉት
መዝገብ ይከፍታል?

ይርዳው በዚያው ሰሞን፣ «መኪናው ደጅ ቆሟል፣
ሃያ ደቂቃ ነው፣ ምን ያንከራትትሻል?» አለኝ።
«ማቆሚያው ውድ ነው» አልኩት።
ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።
የምሠራበት ምድር ቤት፣ የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት፣
መስኮት የለውም፤ አንሶላ ብቻ ነው የሚነጋበት።
ይህን በራት ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገረው?

ሚያዝያ ላይ ብርሃኑ ተመለሰ።
በረዶው ሄዶ፣ ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይገሰግሳል አሉ፤
እኔ ገና አላየሁም፣
የግራው ወንበር ሁሉ ተይዞ ቆሜ ነበር።
ኦክሳና ኩሏን ከደነች፣
ቦርሳዋን ከጎኗ አነሳች።
አላየችኝም። ጠጋ አለች ብቻ።

ያኔ ገባኝ፤ ለካ በየቀኑ
ዓይኗን ኩላ የምትጨርሰው
ዋሻው ሳይከፈት ነው።

አንድ፣ አልኩ በልቤ።
ሁለት፣ አለች መሰለኝ፤
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።