ያልተጣለ አጥንት

በቺሎዬ ደሴት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣
ማዕበል ሌት ሙሉ ሲያጓራ፣ ሲታመስ፣
ሲነጋ አንድ ተራራ ጠበቀን ዳርቻ፣
ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዝምተኛ፣ ወድቆ ለብቻ።

አባቴ ቤላርሚኖ ዞር ዞር ብሎ አያት፤
በጫማው ጫፍ ነካ፣ በመዳፉ ዳሰሳት።
«ዓሣ ናት» አለና ቢላውን ሳለ፣
«ከባሕር የወጣ ሌላ ምን ስም አለ?»
ባባቴ አከፋፈል ፍጥረት ሁሉ ሦስት ወገን፦
የሚበላ፣ የሚሸጥ፣ የሚቀድ መረባችንን።

መምህርት ኦርፌሊና በቦቲ ጫማዋ፤
አሥራ አንድ ልጆች ሆነን ተከተልን ኋላዋ።
ደብተር አላስያዘችን፣ ጠመኔም አልያዘች፤
መጋዝና ካራ በጆንያ አዝላለች።
«ቤላርሚኖ፣ ቆይ» አለች፣ «ቢላህን መልሰው፤
ስም ከማውጣት በፊት ገላዋን ዳስሰው።

ጅራቷን ተመልከት፦ ተጋድሟል እንደ ምንጣፍ፤
የዓሣ ጅራት ይቆማል፣ ግራ ቀኝ ሊቀዝፍ።
ይቺ ግን ላይና ታች ውኃውን የምትመታ፣
እንደሚጋልብ ፈረስ ወገቧን አጥፋ ዘርግታ።»
ከአናቷ ላይ ሁለት ቀዳዳ አሳየችን፤
«አፍንጫ ነው» ስትል ሳቃችን አመለጠን።
«ሳንባ አላት፤ ትንፋሽ ልትወስድ ትወጣለች፤
እዚያው በኖረችበት ውኃ ትሰጥማለች።»

ከሆዷ ሥር፣ ከስንጥቁ፣ ወተት ጠብ አለ፣
ወፍራም፣ እንደ ቅቤ፤ ውኃው ላይ ዋለለ።
ኤውሎሂያ ብቻ፣ ሕፃን ያቀፈችው፣
ሻሏን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አደረገችው።

«ጀርባ አጥንት አላት፣ ደሟ ትኩስ፣ ጡትም አላት፤
የማን ወገን ትሁን?» ብላ መምህርት ስትጠይቃት፣
«የኛ!» አለች ትንሿ ዞይላ፤ ማንም አላረማት።
«ዘር ቆጠራ ነው ይሄ፤ ማደሪያን አልጠይቅም፤
መልክ ይመሳሰላል፤ አጥንት ግን አይዋሽም።»

መቅዘፊያ ክንፏን ያን ጊዜ በካራ ስትገፈው፣
ስቡ ሰም ነበረ፤ ወርቁ ነው የከበደው፦
የክንድ አጥንት፣ የአንጓ፣ ከዚያም ጣት በጣት፣
ጓንት ውስጥ እንዳለ እጅ፣ ብርድ እንደያዛት።
«እጅሽን አምጪ» አለች። መዳፌን ዘረጋሁ፤
የኔን አምስት ጣቶች ከሷ አምስት አስጠጋሁ።
«የሌሊት ወፍ ክንፉ፣ የፍልፈል መቆፈሪያ፣
የፈረስም ኮቴ፣ ያንቺም እጅ መጻፊያ፣
አንድ ጥንታዊ ልብስ ነው፤ ማንም አዲስ አልሰፋ፤
አጠረ፣ ረዘመ፣ ጠበበ፣ ሰፋ።»

ሩዴሲንዶ አላት፣ እጁን አውጥቶ፣
«ማን ቆረጠው?» «ማንም። ልጅ ከእናቱ ጥቂት ተለይቶ፣
የበጀው ብዙ ወልዶ፣ ያልበጀው ቀርቶ፣
ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ፤ ሰዓት በሌለበት፣
ሺህ በሺህ ተባዝቶ በሚቆጠር ዓመት።»

የመጨረሻውን ግን ብቻዋን ፈለገች፤
ከጅራቷ በላይ እስከ ክርኗ ገባች።
ከጀርባ አጥንት ያልገጠሙ፣ ሥጋ ውስጥ የተረሱ፣
ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ከመዳፏ ደረሱ።
«ዳሌ ነው» አለችን። «አያቶቿ በእግር ሄደዋል፤
ዳር ዳሩን ውኃ ሲሉ፣ ኋላም ጠልቀው ቀርተዋል።
ዛሬ ከዓሣ ይልቅ ጉማሬ ይቀርባታል፤
የሸጥከው በሬ እንኳ፣ ቤላርሚኖ፣ በሥጋ ይዛመዳታል።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣ እንደሆን፣
እኛ ዓሣ ጎርጉረን ላም አወጣን።

በዱላ አሸዋው ላይ ዛፍ ሣለች፣ መሰላል ሳይሆን፤
«ጫፍ የለውም» አለች፤ «ሁላችን ቅርንጫፍ ነን።»
«ሰውስ?» ስንላት፣ ከጎን አንዲት ጭረት ጫረች፤
ማዕበሉ መጥቶ ሲልስ፣ ቀድማ እሷ ጠፋች።

አባቴ አልተናገረም። ማታ ከምድጃው ዳር
ዓይኑ ግድግዳው ላይ፣ ከዛገው ዶማ ነበር።
የድንች እርሻችንን ሸጦ ጀልባ የገዛ ጊዜ፣
ሁሉን ሰጥቶ ያስቀረው፣ ያን አንዱን፣ በትካዜ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፈር ሳይነካ ኖሯል፤
አያገለግልም፤ ግን ማን ደፍሮ ይጥለዋል?
«ገበሬ ነበረቻ» አለ፣ እንዲያው ለራሱ፤
ዓይኖቹ ከዶማው እሳቱ እስኪጠፋ አልተነሱ።

በነጋታው ጎረቤት «ምን ወጣ?» ሲለው በመንገድ፣
«ዓሣ ነው» አለ፣ «ትልቅ»፤ ቢላውን ይዞ ሲሄድ።