እንጨቱ ነገረው

ስቬንቦርግ፣ ባሕሩ አፍ ላይ፣ ጥንት ገመድ ሲፈተልበት በኖረ ቤት
አለ አንድ ትምህርት ቤት፤
ሠላሳ ስምንት ልጅ፣ አምስት መምህራን፣ አንዲት አንካሳ ድመት።
የመንግሥት አይደለም፣ የባለጸጋም አይባልም፤
ወላጅ ያዋጣበታል፤ ገንዘብ ያጠረው አያፍርም፣
ጉልበቱን ይከፍላል። እኔም ባጠረኝ ወር
መስኮት እቀባለሁ ቅዳሜ፣ ከድመቷ ጋር።

ሌሊት የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ አድራለሁ፤
ጠዋት ልጄን አድርሼ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።
የመጀመሪያው ሳምንት ደብተር ፈለግሁ፣ ቦርሳዋን በርብሬ፤
«ትርሲት፣ የቤት ሥራሽስ?» አልኳት አምርሬ።
መዳፏን ዘረጋችልኝ፦ ሬንጅ፣ ስንጥር፣ የመጋዝ ቁስል፤
«ይኸው» አለች፤ ፊቷ ቀልድ አይመስል።

እኔ አሰላ ነው የተማርኩት፣ ስድሳ አራት ሆነን ባንድ ክፍል፣
ፊዚክስን በጠመኔ፣ ፊዚክስን በቃል።
«በፈሳሽ የተነከረ አካል ሁሉ
ከገፋው ፈሳሽ ክብደት ጋር እኩል በሆነ ኃይል
ወደ ላይ ይገፋል»፤ ዛሬም አንድ ቃል አልስትም።
ዘጠና ስድስት አመጣሁ። የገፋኝ ግን አንዳችም የለም።
ቤተ ሙከራ ነበረን፤ ቁልፉ የጠፋ ከኛ በፊት፣
በመስኮቱ ስንጥቅ ተራ ይዘን የምናየው በዕረፍት፦
ሸረሪት ያደራችበት ሚዛን፣ አቧራ የጠጣ ብልቃጥ።
ውሃማ፣ እንኳን ለሙከራ፣ ቧንቧው አልነበረው ለመጠጥ፤
ስለ ውሃ ጉልበት በደረቀ ጉሮሮ ባንድ ድምፅ ስንጮህ
ማንም አልሳቀ። እኔም አልሳቅሁ።

ጥቅምት ላይ የጥድ ሳንቃ ግቢው ውስጥ ተራገፈ።
መምህር አስገር አንዱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አሸተተና
«ጀልባ ነው» ብሎ አለፈ።
ብርዱን ሙሉ፣ ክፍልፋይ ሲያስለቅሳት የኖረች ልጄ
ሦስት ስምንተኛን ሳንቃ ላይ በእርሳስ ለየች፤ አየሁ በዓይኔ፣ ዳበስኩ በእጄ።
ሲግነ ለእንጨት ነጋዴው ደብዳቤ ጻፈች፣ በትሕትና ተከራከረች፣
በሁለተኛው ደብዳቤ ዋጋ አስቀነሰች።
ማልተ ደግሞ ሳንቃ አሳጥሮ ቆረጠ። ሌላ ሰጡት። እሱንም አሳጠረ።
አስገር ቆሞ ያይ ነበረ።
«እያየህ ዝም? ለምን አትነግረውም?» ብዬ ብቆጣው፣
ፈገግ ሳይል፣ «እንጨቱ ነገረው።»

ግንቦት። ኬክ ተቆረሰ። ከነፋሱ ጋር ባንዲራ።
ጀልባዋን «ሙስ» አሏት፣ በድመቷ ስም፤
በቋንቋቸው አይጥ ማለት ነው፤ የልጅ ሥራ።
ሃያ ሜትር ሄደች። አጨበጨብን።
በሃያ አንደኛው በግራ ጎኗ ዘመመች። ዝም አልን።
ስድስት ልጅ በብርቱካናማ ሰደሪያ ውሃው ላይ ተበተነ፣
እየሳቀ። የኔ ልብ ግን በነነ።
አስገርን አየሁት፣ ያፈረ መስሎኝ፤ እርሳሱን ከጆሮው አነሣ፣
የሰጠመችበትን ደቂቃ ጻፈ፣ እንዳይረሳ።

እኔ ገባሁ። ከነጫማዬ፣ ከነሱሪዬ፣ ከነሌሊት ድካሜ።
ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ጎኗን ያዝኩ፣ እስከ ብብቴ ቆሜ፤
የብስ ላይ አሥራ ሁለት ሰው የተሸከማትን እንጨት
ውሃው ውስጥ በሁለት ጣት፣
በሁለት ጣት ብቻ አነሣኋት።
ከታች የሚገፋ ነገር አለ። ለካ እውነት ኖሯል የሚገፋ።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት አፌ ውስጥ የኖረው ዓረፍተ ነገር
መዳፌ ላይ ተደፋ።
ጮህኩ መሰለኝ፣ በአማርኛ። ልጆቹ የተጎዳሁ መስሏቸው ዞሩ።
«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»
«ምንም። ቁልፉን አግኝቼ ነው።»
«የምን ቁልፍ?»

ሰኞ ጀልባዋን ገልብጠው በጣት ዳበሷት፤ ከስፌቱ አንድ ስንዝር
ጥጥ አልጠገበም ኖሯል። «የኔ ነው» አለች ትርሲት፣ ሳታቀረቅር።
ስለ መስጠሟ ሦስት ገጽ ጻፉ፤ ውጤት የተሰጣቸው ለዚያ ነው።

ቅዳሜ መስኮት ልቀባ ሄድኩ። ጫማዬ ገና እርጥብ ነው።
አስገር ቀለሙን ከእጄ ወስዶ መዶሻና ጥጥ አቀበለኝ፤
ልጄ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።
የመጀመሪያውን ምት ሳትኩ። ሁሉም አየኝ።
ማንም ምንም አላለኝ።