ፊኛ

ፒያሳ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከነፍሰ ጡሮች መሃል ተቀምጬ ውሃ እጠጣለሁ በላይ በላይ።
«ፊኛሽ ካልሞላ አይታይም» ብላኛለች ሲስተር ወጋየሁ፤
ሁለተኛውን ሃይላንድ ጨርሼ፣ እግሬን አቆላልፌ እጠብቃለሁ።

ፊኛ ስትል ልደት ነው ትዝ ያለኝ፤
ከወንበር መደገፊያ በክር የታሰረ፣
ጣራ እየነካ ያደረ።
የኔው ግን ሌላ ነው፤ ማንም ሳይነፋው የተወጠረ።

አጠገቤ ያለችው፣ ሆዷ ከጉልበቷ የደረሰ፣
ላቧን በሻርፕ እየጠረገች
«ስንት ጊዜሽ ነው?» አለች።
ቀለበት የሌለውን ጣቴን ሸሸግኩ።
«ስድስት ሳምንት» አልኩ።
አልዋሸሁም።
ስድስት ሳምንት ጠብቂ ነው የተባልኩ።

ሲጀምረኝ አራት ኪሎ፣ ኮፒ ቤት ነበርኩ፤
የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ስጠርዝ
ግራ ጎኔን እንደ ስቴፕለር ነከሰኝና ማሽኑ ላይ ተደፋሁ።
ወረቀቱ ግን አላቆመም፤
ገጽ አርባ ሁለት፣ ገጽ አርባ ሁለት፣ ገጽ አርባ ሁለት፣
ጋሽ ድንቁ ከሶኬቱ እስኪነቅለው።

ማታ እናቴ ፀበል አለች።
አክስቴ ሆዴን በዓይኗ ለካች፣
በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች፣
«ማነው?» አለች።

ዶክተር ኅሩይ ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ።
በግራጫ ዝናብ መሃል ጥቁር ኩሬ፣ ጠርዙ የጠራ።
«አራት ነጥብ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ሎሚ በይው።
ውሃ ነው የቋጠረ። እንቁላሉን ይዞ በወሩ መፈንዳት የነበረበት ከረጢት
ቀኑን ረስቶ የቀረ።»
«ታዲያ ይቆረጣል?»
«ምን በወጣው!
ሲያምሽ ኪኒን አለ፤ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ጠቅልለሽ ጎንሽ ላይ ያዢ፤
ለጊዜው አትዝለይ፣ ከባድ አታንሺ።
ድንገት ጠንቶ ካስመለሰሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ነይ።
አለዚያ ስድስት ሳምንት። ቀስ በቀስ እንቁላል...»
ብሎ ጀመረና ምን እንዳለ ሲሰማው ጆሮው ቀላ።
ሳቅኩ። አመመኝ። እያመመኝም ሳቅኩ።

«ምን ሰጠሽ?» አለች እናቴ።
«ጊዜ።»
«ለጊዜ ነው ስምንት መቶ ብር የተቀበለሽ?»

ከዚያ ወዲህ በጊዮርጊስ በኩል ሳልፍ
ከሴትዮዋ መደብ ሎሚ አነሳለሁ፤
ይሄን ያክል ይሆን? ወይስ ይሄን?
ሌሊት ስገላበጥ ደግሞ ትርንጎ ይሆንብኛል።
«ትገዢያለሽ ትዳብሻለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን።
ትንሿን ገዛሁ፤ ቢሮ ይመስል መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳት፤
በየማለዳው አያታለሁ፣ ደረቀች ወይ ብዬ።

«ኤፍራታ ተካልኝ!»

ጄሉ ይቀዘቅዛል። መሣሪያው ፊኛዬን ይጫናል።
ዶክተር ኅሩይ ዝም አለ፤ አዞረ፤ መለሰ፤ ዝም አለ።
ጣራው ላይ ሰባት የተነቀሉ ብሎኖች ቦታ ቆጠርኩ።
«አጣሁት» አለ።
«በግራ የለም። በቀኝ አንዲት ጓጉላ አለች፣ አንድ ነጥብ ስምንት፤
እሷ የዚህ ወር ሥራ ናት፣ አትፍሪያት።»

እንባ ሊቀድመኝ ነበር፤
ሌላው ውሃ ግን ቸኮለ።
የሽንት ቤቱ ቁልፍ ጥበቃው ጋ ነው፤
ጥበቃው ምሳ ወጥቷል።
ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።
ኬክ ቤቱ በር ላይ «ለተስተናጋጅ ብቻ» ይላል፤
«ሻይ በሎሚ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሳልቆም፣ ወደ ጓሮ።

ስመለስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤
ሎሚው ደግሞ ግማሽ።