አባ ማን?

የእርሻው ትምህርት ቤት መጋዘን አፍስሶ፣
ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ በሐምሌ ዝናብ ርሶ፣
«ለማገዶ ይሁንህ» አለኝ ጥበቃው ሰው፤
የኦክላሆማ መምህር ጥሎት የሄደው ነው።
ሻጋታ በልቶታል ጠርዝ ጠርዙን ሁሉ፤
ፎቶው ግን ደኅና ነው፣ ሰውዬው በሙሉ፦
ጢሙ የበቆሎ ጸጉር፣ የተንዠረገገ፣
ዓይኑ ካሜራውን ትቶ ሩቅ የፈለገ።
ሻለቃ ኤዝራ ኮልደር፣ የፈረሰኛ ጦር፤
ከጎኑ፣ ፎቶው የቆረጠው፣ ግማሽ ፈረስ ነበር።

አባቴ ጋሪውን ከአጂፕ መልሶ ማታ፣
ብርቱካንን ፈትቶ፣ ጀርባዋን ሲያፍታታ
(ብርቱካን ባዝራ ናት፤ ስሟን ያገኘችው
ሒርማታ ገበያ ልጣጭ ስትለቅም ነው)
ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከጋጣው ደጃፍ ላይ
እየተረጎምኩ አነበብኩለት፣ ጀንበር ስትል ዘወር።
ፊደል አልቆጠረም፤ ኮቴ ግን ያነባል፤
የቱ ፈረስ እንዳነከሰ ከጭቃው ላይ ያውቃል።

«አባቱ ገበሬ፤ እሱ አራተኛ ልጅ፤
ለሞፈር አልሆነም፣ ለኮርቻ እንጂ።
ባርያ ይሸጥ አይሸጥ ሲዋጋ አገሩ፣
በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተሰለፈ ከጦሩ።
ሦስት ፈረስ ሞተበት፣ ሦስቴ ቆሰለ፤
ሦስቴም በሌላ ፈረስ ተመልሶ ዋለ።»

«ጎበዝ!» አለ አባቴ። «የኔም አያት፣ ጅሬን፣ አባ ጨብሳ ነው፤
ጨብሳ ፈረሱ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ማንም አያውቀው።
ይኸስ ሻለቃ? አባ ማን ነበር?»

ገለጥኩ። የሚስቱ ስም አለ፤ የውሻው ስም አለ፤
ሰይፉን የሠራው ፋብሪካ፣ ስሙ ሳይቀር አለ፤
የፈረሱ የለም።

«ቀጥል» አለኝ። ቀጠልኩ።

«ጦሩ አበቃ፤ ባርያው ነጻ ወጣ ተባለ፤
ሻለቃው ግን ሰይፉን ከግድግዳ አልሰቀለ።
ወደ ምዕራብ ላኩት፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ወደሚበልጥበት፣
ጎሽ አዳኝ ሕዝቦች ድንኳን ተክለው ወደሚከርሙበት።
ሐዲድ ሊያልፍ ነው፤ መሬቱ ተፈልጓል፤
ወረቀት ተፈርሟል፣ ወረቀቱ ተቀዷል።
በበረዶ ሌሊት፣ ጎሕ ሳይቀድ ደረሰ፤
ድንኳኑን አነደደ፣ ስንቁን አፈሰሰ፤
ሴቶቹ ሕፃን አዝለው ወደ ወንዙ ሮጡ፤
ከወንዙ የገቡት ብዙዎች አልወጡ።
በማግሥቱ ደግሞ ፈረሶቻቸውን አስነዳ፣ አስቆጠራቸው፤
ስድስት መቶ ናቸው ይላል፣ ከነውርንጭላቸው።
ሕዝቡ ዳግም እንዳይጋልብ
ወታደር አሰልፎ አስተኮሰባቸው።
እስከ ቀትር ፈጀ ይላል። ጥይት አነሰ ይላል።»

አባቴ ተነሣ።
ከብርቱካን አንገት ሥር ግንባሩን አስደግፎ ቆመ፤
አላለቀሰም፤ ትከሻው ግን ጎማው እንደተነፈሰ ጋሪ ዘመመ።
«አሁን ገባኝ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር፤
«የትኛው ፈረስ ነው ለዚህ ሰው ስሙን የሚያበድር?»

ሞቱን ብቻዬን ነው ያነበብኩት፣ በኩራዝ፣ ቤቱ ሲተኛ።
ሠላሳ ሰባት ዓመቱ፤ ክረምቱ አልፎ፣ ሣሩ ደርቆ፤
አርባ ሰው አስከትሎ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ዘልቆ፤
ያኔ በበረዶ የታዘሉት ሕፃናት
አድገው፣ ፈረስ ለምደው፣ ከኮረብታው ጀርባ ጠበቁት።
መከለያ አልነበረም፣ ዛፍም ድንጋይም፤
ሽጉጡን መዘዘ። መጀመሪያ የተኮሰው በጠላት አይደለም።
ፈረሱን አጋደመ፣
ከሆዱ ኋላ ተኛ፣ ሙቀቱ ሳይወጣ ተኮሰ፣
ከዚያ ጥይት ጨረሰ።

ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም።
ጠይቆኝም አያውቅ። አንድ ቀን ብቻ፣ ጋሪው ጭቃ ይዞት፣
«ያ ሰው» አለኝ፣ «ተቀበረ?» «ተቀበረ» አልኩት።

አሁን አጂፕ ጋ የሚሰለፈው ባጃጅ ነው፤
የጋጣውን ቦታ ጎማ ጠጋኝ ተከራይቷል፤
መጽሐፉን ምስጥ በልቷል።
አባቴን ባለፈው ሚያዝያ ቀበርነው።
ከጅሬን አንድ ሽማግሌ ወረደ፣ በዱላ፣ ዝናብ እየመታው፤
አፈሩን በመዳፉ አበስ አበስ አደረገው፤
«ደኅና ግባ» አለ፣ «አባ ብርቱካን።»

ማንም አልሳቀም።